መቃጥንና ምሕረት

በአራቱ ወንጌላት ስለ ዓሣና ስለ ዓሣ አጥማጆች ብዙ ተጽፎ ሳለ፣ ወደ ባሕሩ የሚጣለው፣ በዳር የሚታጠበው፣ በመጨረሻም ጌታን ለመከተል ተትቶ የሚቀረው ሁሉ መረብ ነው፤ መቃጥን የሚጣለው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም ጴጥሮስ ስለ ቤተ መቅደሱ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ወደ ባሕር ተልኮ፣ በፊት ከወጣው ዓሣ አፍ ውስጥ ብሩን አግኝቶ የጌታውንና የራሱን ግብር የከፈለበት፣ በማቴዎስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ታሪክ ነው። ወንጌላዊው የብሩን ነገር ሲነግረን የዓሣውን ፍጻሜ ሳይነግረን አልፏል። ወደ ውኃው ተመለሰ? ወይስ በዚያው ዕለት ማታ ከማዕድ ቀረበ? ይህ የሥራ ፈት ሰው ጥያቄ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ ነገር ግን በዘመናችን አያሌ ሰዎች ዓሣን ስለ ተድላ እየያዙ ስለ ርኅራኄ መልሰው የሚለቁ በመሆናቸው፣ ወንጌላዊው ዝም ያለበት ነገር ለእኛ የኅሊና ጥያቄ ሆኗል።

ይህን ልማድ በአገራችን ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ባሌ ተራሮች መውጣት ይገባዋል። ትራውት የሚባለው የብርድ አገር ዓሣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ከተለቀቀ ወዲህ በዚያ ደጋ ውኃ ተራብቶ ይኖራል። ይህን ዓሣ በዝንብ የሚያጠምድ ሰው፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ማልዶ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ጣቶቹ ደንዝዘው ክሩን መለየት እስኪሳናቸው ድረስ ቆሞ፣ በላባና በክር የተሠራችውን ሕይወት የሌላትን ዝንብ ሕያው ትመስል ዘንድ በረጅም ዘንግ እየወረወረ ለወንዙ ይሰጣታል። ውኃው ሲበርድ የዓሣውም ሰውነት አብሮ ስለሚበርድ፣ ትራውት በጥልቁ ተጠግቶ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፣ ጥቂትም ይበላል፤ ስለዚህ አጥማጁ ማታለያውን ወደ ታች አስጥሞ በዓሣው ፊት በዝግታ እስክታልፍለት ድረስ መታገሥ አለበት። ትዕግሥቱ ሰምሮ ዓሣው በተያዘ ጊዜ፣ ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፋልና፣ እጁን አርጥቦ ይቀበለዋል፤ መቃጥኑን ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ፊቱን ወደ ወራጁ ውኃ አዙሮ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ደግፎ ይለቀዋል። ወደ ቤቱ ሲመለስ በእጁ ምንም የለም፤ በልቡ ግን ምሕረት ያደረገ ሰው ደስታ አለ።

የዚህ ዓይነቱ ማጥመድ ክብር በእንግሊዝ አገር በጽሕፈት የጸና ነው። አይዛክ ዋልተን በ1653 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ዓሣ ማጥመድን ተመስጦ ለሚወድ ሰው የተገባ ዕረፍት አድርጎ ሲያመሰግን፣ ጌታ ከሐዋርያቱ አራቱን ከዓሣ አጥማጆች መካከል መምረጡን ለሥራው ክብር ማስረጃ አድርጎ ጠቅሷል፤ ሆኖም ዋልተን የወጥ አሠራሩን ሳይቀር በመጽሐፉ የጻፈ፣ ያጠመደውንም በደስታ የሚበላ ሰው ነበርና፣ መልሶ መልቀቅን እንደ ሃይማኖት የያዙት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የባሕር ዳር ባለ ታንኳ ቢነግሩት ምን ይል ይሆን? የጣና ብርድ የባሌን አይተካከልም፤ ሐይቁ ወደ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በመሆኑ ውርጭ እምብዛም አይታይበትም። ቢሆንም በታኅሣሥ ንጋት፣ ከደንገል ተሠርታ ውኃ በምታሳልፍ ታንኳ ላይ ረጥቦ የተቀመጠ ሰው ብርድን ከመጽሐፍ አልተማረም። በታንኳ ከኖሩት ብዙዎቹ ከወይጦ ወገን ናቸው፤ የሐይቁን ዳር ሕዝብ ከአባት ከአያት ጀምሮ ዓሣ ሲመግቡት ኖረው፣ አባቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ በልተዋል ተብለው በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የተናቁ ናቸው፤ በዓሣ አጥማጁ በጴጥሮስ ስም ታቦት ቀርጾ የሚሳለም ሕዝብ፣ የጴጥሮስን ሥራ የሚሠራውን ጎረቤቱን እንዴት ሊንቅ እንደቻለ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንዲህ ያለው ባለ ታንኳ፣ ፍጥረትን ወግተው ካስጨነቁ በኋላ መልቀቅ ምሕረት መባሉን ቢሰማ፣ ይህስ በሲሳይ መቀለድ ነው የሚል ይመስለኛል፤ የሚበላ ሰው ዓሣውን አንድ ጊዜ ገድሎ ፈጣሪውን ያመሰግንበታል፣ የሚለቅ ሰው ግን ያንኑ ዓሣ ነገም ሊያስጨንቀው ያቆየዋል።

የሠለጠነው ዓለም ምርመራም ወደዚሁ ፍርድ ያዘነበለበት ጊዜ አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሊን ስኔደን የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በስኮትላንድ ትራውትን መርምረው፣ በዓሣው ራስ ላይ ጉዳትን የሚሰሙ ነርቮች እንዳሉ፣ ከንፈሩም በአሲድ በተወጋ ጊዜ መብሉን ትቶ ከንፈሩን በጠጠር ላይ ሲያሽ እንደ ታየ አስረድተዋል፤ ዓሣ ሕመምን ያውቃል ለማለት ይህ አይበቃም የሚሉ ሊቃውንት ግን ዛሬም አሉ። በስዊዘርላንድም ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚሠራበት የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ መልሶ ለመልቀቅ አስቦ ማጥመድን ከልክሏል። እነሆ፣ የስዊዘርላንድ ሕግ አውጪና የጣና ባለ ታንኳ ሳይተዋወቁ ተስማሙ።

እኔ ግን ባለ ታንኳው ክርክሩን በዚህ ያህል ቀላልነት እንዲረታ አልፈቅድም። ሲሳይ የሚለው ቃል አንዱን መቃጥንና አንዱን ማዕድ ይሸፍናል፤ በዘመናችን መረብ የሚሠራውን ሁሉ መሸፈኑን ግን እጠራጠራለሁ። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ በሐሙስ ዕለት ከውኃ የተገኙት ፍጥረታት ብዙ ተባዙ የሚለውን በረከት የተቀበሉት፣ አዳም ገና ሳይፈጠር፣ በባሕር ዓሦች ላይም ሥልጣን ሳይሰጠው ነው። የሰው ሥልጣን በዓርብ ዕለት የመጣ ነውና፣ በሐሙስ የተሰጠውን በረከት ሊሽር የሚችል አይመስለኝም። እንግዲህ ለዓሣ የሚደረገው ምሕረት የሚመዘነው፣ ከንፈሩ ተወጋ አልተወጋ በሚለው ሳይሆን፣ በረከቱ ጸና ተሻረ በሚለው ነው ብል፣ በባሌ ወንዝ የቆመው ሰው ቀላል ጥፋት፣ በጣና ወንዞች አፍ የሚደረገው ግን ከባድ በደል ሆኖ ይገኛል።

የጣናን ነጭ ዓሣ ነገር የሚያውቅ ይህን ይረዳዋል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ወደ 40 ሜትር በሚሆን ገደል ስለሚወርድ፣ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ በዚህ በተዘጋ ባሕር ውስጥ ነጭ ዓሣ ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ሆኖ ተለያይቷል፤ ከእነርሱም፣ የዚህ ወገን ዓሣ በአፉ ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሌላውን ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ይገኙበታል። በሌላ የዓለም ክፍል ይህን የሚመስል የዚህ ወገን ማኅበር በሕይወት የለም። ከእነዚህም ብዙዎቹ፣ ክረምቱ ወንዞችን ሲሞላ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ጠጠር ወዳለበት ጥሩ ውኃ ወጥተውም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የናይሎን መረብና ባለ ሞተር ጀልባ ወደ ጣና በመጡ ጊዜ፣ ለመሰብሰብ የሚመጣውን ዓሣ በወንዙ አፍ ጠብቆ መያዝ ከሁሉ የቀለለ ሆነ፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው በመበተን ዓሣን የሚያሰክርም አልጠፋም። የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ግድም ባሉት ዓመታት ሲከታተሉ፣ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል ጎድሎ አገኙት። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለና ሕግ የለም አይባልም፤ አዋጅ ግን በሌሊት በጉማራ አፍ ቆሞ አያድርም።

ከዚህ ላይ የጾም ነገር ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር በአባቶች ዘንድ የቆየ ስለሆነ እኔ የቀኖና ዳኛ ሆኜ አልገባበትም፤ ዳሩ ግን በከተማው ብዙ ሰው በጾም ዓሣ መብላቱን፣ ገበያውም በዚያን ጊዜ መድራቱን ማንም ያያል። የዐቢይ ጾሙ በበጋ ነው። ፍልሰታ ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15 የምትጾም በመሆኗ፣ ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ተሸክሞ ወደ ወንዙ በሚቀርብበት ወራት ትውላለች። የጾም ፍሬ ነገር በእጅ ያለውን፣ ሊበሉት የሚቻለውን፣ ለእግዚአብሔር ሲሉ መተው ከሆነ፣ ሥጋውን ትቶ በዚያው ሰሞን ከወንዝ አፍ የተያዘውን ባለ እንቁላል ዓሣ የሚገዛ ሰው፣ የሚበላውን ለወጠ እንጂ ምንም አልተወም። በባሌ የቆመው አጥማጅም በሌላ መንገድ ያው ነው፤ ከያዘ በኋላ ይለቃል እንጂ፣ አስቀድሞ መያዙን አይተውም።

አስቀድሞ መተውን ያስተማረን ስፍራ ከባሕር ዳር ማዶ ይታያል። በዘጌ፣ እንደ ትውፊቱ፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምድሩ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም፤ ሕዝቡም ከጫካው ጥላ ሥር በሚያድገው ቡናና ጌሾ ይኖራል፤ በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ ታርሶ ሲራቆት ያ ደን እስከ ዘመናችን ቆሟል። ደኑን ያቆመው ዛፉን ከቆረጡ በኋላ ማዘን አይደለም፤ መጥረቢያው ከመነሣቱ አስቀድሞ የተገባ ቃል ነው። ስለ አቡነ ዘርዓ ብሩክም በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ፣ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ እንደ ተቀበሉ ይተረካል። ያው ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ሲገባ፣ በአፉ ላይ መረብ ይጠብቀዋል።

ለጉማራና ለርብ አፍ እንደ ዘጌ ያለ ቃል ኪዳን ይገባ የሚል ሰው፣ የባለ መረቡን ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት፣ የልጆች ቀለብ የሚያሳስብበት ወር መሆኑ ነው። የተራበን ሰው ስለ ሐሙስ በረከት መስበክ አያምርም። ስለዚህ ሸክሙ መጀመሪያ በገዢው ላይ ሊወድቅ ይገባል እላለሁ። ቀረሶ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ በሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚራባ እንጂ ወደ ወንዝ የሚወጣ ባለመሆኑ በወንዝ አፍ ተጠብቆ አይፈጅም፤ የባሕር ዳር ሰው ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም መጨረሻ በምግብ ቤቱና በገበያው ቀረሶ እየጠየቀ ነጭ ዓሣን ባይገዛ፣ ባለ ታንኳው ሳይራብ፣ በወንዙ አፍ መረብ መዘርጋት የሚያተርፍ ሥራ መሆኑ ይቀራል።