ያገኘ ሁሉ ባለቤት ነውን?

አንድ ገበሬ ሲያርስ የማረሻው ጫፍ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የዛገ ጥንታዊ ገንዘብ ከመሬት ቢያወጣ፥ ያ ዕቃ የማን ነው? መሬቱን የሚያርሰው እርሱ ነው፤ ድካሙም የእርሱ ነው፤ ዕቃውን ግን የሠራው እርሱ አይደለም፥ የቀበረውም እርሱ አይደለም። ጥያቄው ሲሰሙት ለሕግ ዐዋቂ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል። እኛ ግን ከሕግ አስቀድሞ የኅሊና ጥያቄ ነው ብለን ስለምናምን፥ ዕድሜውን መሬት በማስቈፈር የፈጸመውን የአንድ ሊቅ ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ሰውየው ቻይናዊ ነው፤ ነገሩ ግን እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ድረስ ይመጣል።

ሊ ቺ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. በሁቤይ ክፍለ ሀገር ተወለደ። (የቻይናውን ታሪክ ስናወሳ ዓመቱን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1918 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ በ1923 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1926 በሻንሺ ክፍለ ሀገር ሺዪን በምትባል መንደር ያደረገው ቁፋሮ አንድ ቻይናዊ ሊቅ ራሱ የመራው የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ቁፋሮ ነው ይባላል። ከዚያ ከወጣው ዕቃ መካከል ወሬው እጅግ የተሰማው በስለት የተቈረጠ የሚመስል ግማሽ የሐር ትል ጎጆ ነው። በወጪው የረዳው የአሜሪካ ቤተ መዘክር ነበር፤ የተገኘው ዕቃ ግን በቻይና እንዲቀር አስቀድሞ ስምምነት ተደርጎበት ነበር።

ስሙን ያጸናው አንያንግ ነው። በዚያ ስፍራ ሺያውቱን በተባለች መንደር ገበሬዎች ከእርሻቸው አሮጌ አጥንት እየለቀሙ ለመድኀኒት ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ነጋዴዎቹም «የዘንዶ አጥንት» ብለው እየፈጩ ለበሽተኛ ይሰጡታል። አንዳንዱ አጥንት ጭረት ስለ ነበረበት፥ ገዢ እንዳይጠላው ገበሬው ጭረቱን ፍቆ ያጠፋው ነበር ይባላል። በ1899 ገደማ ሊቃውንት ነገሩን ሲመረምሩት ጭረቱ ጽሕፈት ሆኖ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ የሻንግ ነገሥታት በኤሊ ቅርፊትና በበሬ የትከሻ አጥንት ላይ እሳት አስነክተው፥ ከስንጥቁ ስለ ዝናም፥ ስለ ዘመቻ፥ ስለ ልጅ መውለድ ይጠይቁ ነበር፤ ጭረቱም የጥያቄያቸው ጽሑፍ ነው። ሞራ ገላጭ የታረደ ከብት ሞራ ዘርግቶ መጪውን ሲናገር ያየ የአገራችን ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ የእነርሱ ሞራ ገላጭ ጸሓፊም ነበረው። ስንት የንጉሥ ቃል ለበሽታ መድኀኒት ተብሎ ተፈጭቶ እንደ ተጠጣ ማን ይቈጥረዋል?

ከ1928 እስከ 1937 ድረስ በአንያንግ 15 ጊዜ ቁፋሮ ተደረገ፤ ሥራውንም ከ1929 ጀምሮ ሊ ቺ በኀላፊነት መራው። በ1936 ከአንድ ጕድጓድ ብቻ ጽሕፈት ያለባቸው ከ17,000 የሚበልጡ ቍራጮች ወጡ። ለተነሣንበት ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቈፋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ያደረጉት ስምምነት ነው፤ የተገኘው ሁሉ የአገር ሀብት እንዲሆን፥ ከእነርሱም አንድ ሰው ስንኳ ለራሱ ጥንታዊ ዕቃ እንዳይሰበስብ። አለመስረቅ ቀላል ነገር ነው፤ እነርሱ ግን በገዛ ገንዘብ ገዝቶ ማኖርን እንኳ ለራሳቸው ከለከሉ። ትክክልም አደረጉ እንላለን። የአንድን ዕቃ ዘመንና ዋጋ የሚፈርድ ሰው ዕቃውን ለራሱ ቢመኝ፥ የሚፈርድበትን በሬ እንደሚገዛ ዳኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ፥ «ሊቁ ደመወዝ አለው፤ ልጆቹ የተራቡበት ገበሬስ አጥንቱን ቢሸጥ ምን ይፈረድበታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም በገበሬው ላይ ለመፍረድ አንደፍርም። ወቀሳው ዋጋውን እያወቀ በርካሽ በሚገዛው ነጋዴና፥ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ በቤቱ በሚያስጌጠው ባለጸጋ ላይ ይጠናል። ነገር ግን ሻጩም የማያውቀው አንድ ጉዳት አለ። ከስፍራው የተነቀለ ዕቃ ከማን መቃብር፥ ከየትኛው የዐፈር ድርብ፥ ከምን አጠገብ እንደ ነበረ አይናገርም። እንዲያውም ቁፋሮ ራሱ ማፍረስ ነው፤ አንድ ጊዜ የተቈፈረ ስፍራ ሁለተኛ አይቈፈርም። ስለዚህ እየለካ፥ እየሣለ፥ እየጻፈ የማይቈፍር ሊቅ፥ ዲፕሎማውን በግድግዳ ከመስቀሉ በቀር፥ ከአጥንት ሻጩ በምን ይሻላል?

በ1937 የጃፓን ጦር በገባ ጊዜ ሊ ቺና ጓደኞቹ ሣጥኖቹን ይዘው ወደ ቻንግሻ፥ ወደ ኩንሚንግ፥ በመጨረሻም በሲችዋን ወደምትገኘው ወደ ሊጁዋንግ ተሰደዱ። በዚያ የስደት ዘመን ሁለት ሴቶች ልጆቹ በሕመም ሞቱበት። የጥንት ሰዎችን አጥንት የሚያድን አባት የልጆቹን ሕይወት ሊያድን አለመቻሉን ስናስብ፥ «ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ አይመለስልንም፤ ተመልሷል የሚለንንም ሰው አናምነውም። ከ1948 ጀምሮ ሣጥኖቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ታይዋን ሄዱ። ሊ ቺ እዚያው ሲያስተምርና ሲጽፍ ኖሮ በ1979 ዐረፈ። ጕድጓዱ በአንያንግ፥ ከጕድጓዱ የወጣው ብዙ ዕቃ በታይፔይ ቀረ። ለራሱ ምንም ያልያዘ ሰው እንኳ ዕቃውን ከስፍራው ከመለየት አላዳነውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ምሥራቅ ቢያቀና መርጡለ ማርያም ይደርሳል። በዚያ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጠፋ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን በስፍራው ሠሩ፤ ዛሬ የሚታየው አበባና ሐረግ የተቀረጸበት የድንጋይ ፍርስራሽ ነው። የትኛው ድንጋይ የእሌኒ፥ የትኛው የሚስዮናውያኑ እንደ ሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። በቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመሩ የማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የሚስዮናውያኑን ስፍራዎች አጥንተው መጽሐፋቸውን በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሆላንድ አገር በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ድንጋዩን በስፍራው ትተው ዕውቀቱን ጻፉት፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ፍርስራሹን 400 ዓመት ያህል የጠበቁት ካህናትና የአገሩ ሰዎች ግን ያንን መጽሐፍ አያነቡትም። በአማርኛ መልሶ የማስነበቡ ዕዳ ከስፔን ሊቃውንት ይልቅ እንግሊዝኛ ለተማርነው ለእኛ ይቀርባል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ሕግስ አለ። በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 229፥ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 209 ወጥቷል፤ በኋለኛው መሠረት ያለ ፈቃድ መቈፈር የተከለከለ ነው፥ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው ማሳወቅ አለበት። አዋጅ ግን በየእርሻው ዘበኛ አያቆምም። በመርጡለ ማርያም ከሚገኙት ጥርብ ድንጋዮች አንዱ ተነቅሎ የአንድ ሰው አጥር ቢደገፍበት፥ ድንጋዩ አይጠፋም፤ የእሌኒ ነው ወይስ የሚስዮናውያኑ የሚለው ጥያቄ መልስ ግን ከእርሱ ጋር ከቦታው ይነሣል።