ጋዜጣውን ከመክሰሳችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በጥብቅና ከቆየሁባቸው ዓመታት አንድ የመጋዘን ኃላፊ አይረሳኝም። «የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ ሸጦ ቤት ሠራ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ጋዜጣውን አጣጥፎ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ፤ ሲፈታው እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ከአባቱ የወረሰው ነው፣ የውርስ ማስረጃውንም ይዟል። ዜናው የወጣው ግን ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። «ሰው ይረሳዋል ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። ሰፈሩ አልረሳለትም፤ ልጁን ሳይቀር በትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ይሏት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል። በይርጋ ታገደበት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዝም አትበሉ። ጋዜጣው የወጣ ዕለት ሁለት ሦስት ቅጂ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ለዋና አዘጋጁ ደብዳቤ ጻፉ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር ሐሰት እንደሆነ ለይታችሁ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ፣ ማስተባበያና ይቅርታ እንዲያወጣ ጠይቁ። ደብዳቤውን ስለመቀበላቸው አስፈርሙ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በሕጉ ቁጥር 2049 መሠረት፣ ለመጉዳት ሳያስብና ከባድ ቸልተኝነት ሳይኖርበት የጻፈ ጋዜጠኛ፣ ተበዳዩ እንደጠየቀው ወዲያው ካስተባበለና ይቅርታ ካለ ከኃላፊነት ይድናል። እሺ ካለ ስማችሁ ያለ ችሎት ተመለሰ፤ እምቢ ካለ ያ መውጫ ተዘጋበት።

ገንዘብ አስባችሁ ግን አትክሰሱ። ያው ሕግ ለሞራል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነበር፤ በኋላ የመጡት የመገናኛ ብዙኃን አዋጆች ከፍ አድርገውታል እንጂ የጠፋ ስም ዋጋ አሁንም በብር አይተመንም። የምትፈልጉት እውነቱ በአደባባይ እንዲነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የተጻፈባችሁ እውነት ከሆነ ፍርድ ቤት አትሂዱ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ጆናታን አይትከን በ1995 እ.ኤ.አ. ዘ ጋርዲያን ጋዜጣን ከሰሰ። ከክርክሩ አንዱ ጭብጥ በፓሪሱ ሪትዝ ሆቴል ያረፈበትን ሂሳብ ማን ከፈለ የሚል ነበር። «ባለቤቴ ናት» አለ። ክርክሩ እየተሰማ ሳለ በ1997 ጋዜጣው የአውሮፕላንና የኪራይ መኪና ሰነድ አቀረበ፤ ሴትዮዋ በዚያ ሰሞን የነበረችው ስዊዘርላንድ ነው። ክሱ ፈረሰ፤ በ1999 በሐሰት መሐላ 18 ወር እስራት ተፈረደበት። እኔን ከእስራቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ገና ለጋ የነበረች ልጁን ሐሰተኛ የምስክርነት ቃል ማስፈረሙ ነው።

ጠበቃ ፊት ስትቀመጡ እንግዲህ የሚያሳፍራችሁንም አትደብቁ። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ መቆፈሩ አይቀርም፤ እናንተ ቀድማችሁ ብትነግሩን ግን ክሱ ይቁም ወይም ይቅር ብለን በጊዜ እንመክራለን።