የምላስ ቋጠሮና የሰሚ ዕዳ

ምስጋና አንደበትን ለሰው ስጦታ ላደረገው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ከአፍ ገና ያልወጣች ቃል የማን ናት ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህን? ምላሱ ለሚታዘዝለት ሰው ይህ ጥያቄ ከንቱ ይመስለዋል፤ ያሰበውን ወዲያው ይናገራልና። ተብታባ ግን ቃሉን በልቡ መርጦ፣ እስከ ከንፈሩ አድርሶ፣ በዚያ ይያዝበታል። በዚያች አጭር ጊዜ ሰዎች በእርሱና በቃሉ መካከል ምን እንደሚያደርጉ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ከይፋት ቆላ ጨውና ጥጥ ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የወጣ አንድ ነጋዴ በሐሳብህ ሳል። (ተርጓሚው የዐረብን ገበያ ምሳሌ በአገራችን ገበያ መለወጡን አንባቢ ይወቅለት።) ባናና ዝተት ዘርግተው ከሚሸጡት የመንዝ ሰዎች አጠገብ ዕቃውን አኖረ። ገዢ መጥቶ ዋጋውን ጠየቀው። ነጋዴውም «ሰ...» ብሎ ቆመ። በአማርኛ ሠላሳም፣ ስልሳም፣ ሰባም፣ ሰማንያም በዚሁ ድምፅ ይጀምራሉ። ገዢው አልጠበቀም፤ «ሠላሳ? እሺ፥ ሠላሳ!» ብሎ ብሩን ቆጠረለት። በዙሪያው የቆሙት ሳቁ። ነጋዴው ሰማንያ ሊል ነበር፤ ነገር ግን እንደ ገና ጀምሮ እንደ ገና ከመያዝ ኪሳራውን መረጠና ዕቃውን ሰጠ።

ይህ ንግድ ነውን? ቁርኣን በሡረቱ ኒሳእ የሰውን ገንዘብ በከንቱ መብላትን ከልክሎ፣ በሁለቱ ወገን መዋደድ የሚደረገውን ንግድ ብቻ ፈቅዷል። ኢማም አል-ገዛሊም በኢሕያእ ውስጥ ሰው በኀፍረት ተጨንቆ የሰጠው ገንዘብ በግድ ከተነጠቀ ገንዘብ እንደማይለይ፣ ኀፍረትም የልብ ጅራፍ እንደ ሆነ አስረድተዋል። እንግዲህ ያ ገዢ 50 ብር አተረፍሁ ቢል፣ በምን ጅራፍ እንዳገኘው ራሱን ይጠይቅ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሻጭና ገዢ ከተገበያዩበት ስፍራ እስኪለያዩ ድረስ ውሉን ማፍረስ ለሁለቱም የተፈቀደ ነው፤ ነጋዴው ይህን መብቱን ይወቅ።

አንዳንድ ሰው «ቃሉን የምጨርስለት አዝኜለት ነው፤ ከጭንቀት ላወጣው ነው» ይላል። ይህን የሚል ሁሉ ውሸታም ነው አልልም። ነገር ግን፥ ወንድሜ ሆይ፥ በዚያች ደቂቃ የማን ጭንቀት ነው የቀለለው? ተብታባው የራሱን ዝምታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መቆየት ያቃተው ሰሚው ነው።

የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ነገር ተመልከት። በሡረቱ ጣሃ እንደምናገኘው ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜ ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ከምላሳቸውም ቋጠሮ እንዲፈታ ጌታቸውን ለመኑ፤ የልመናውም ምክንያት ሰዎች ንግግራቸውን እንዲረዱ ነበረ። ከተፍሲር ሊቃውንት አንዳንዶቹ የለመኑት ለመልእክቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ ከቋጠሮው የቀረ ነበረ ይላሉ። በሡረቱ ዙኽሩፍም ፊርዐውን፣ ነገሩን ለመግለጥ የሚቸገር ሰው ነው እያለ በሕዝቡ ፊት ሲያዋርዳቸው እናነባለን። እንግዲህ ተብታባን ከአደባባይ ላይ መናቅ ከማን እንደ ተወረሰ ዕወቅ! አላህ ያለ አማላጅ ያነጋገራቸው፣ ከሊሙላህ የተባሉትስ እነማን ናቸው? እኒሁ ምላሳቸው የተቋጠረው ሙሳ አይደሉምን?

ሃሩን ረዳት ሆነው ተሰጧቸው፤ አንደበታቸውም ከሙሳ ይልቅ የቀና ነበረ። ነገር ግን ሃሩንን የለመኑት ሙሳ ራሳቸው ናቸው። በተለመነ ረዳትና ቃልን በሚነጥቅ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ተብታባ ወዳጅህ «ንገርልኝ» ካለህ ሃሩን ሁነው፤ ካላለህ ቆይ። ቤት ሲቃጠል ወይም ሕፃን ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ይህ ግልጽ ነው።

ወላጆች ሆይ፥ የዘመናችን ሐኪሞች መንተባተብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምር፣ ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉን እንደሚያገኝ፣ አብዛኞቹንም እንደሚለቅ፣ ከ100 ዐዋቂዎች ግን 1 ያህሉ ጋር እንደሚኖር ይናገራሉ። በዘር ይሄዳል፤ በወንዶችም ይበረታል። የእናት ጥፋት ወይም የልጁ ፍርሃት የወለደው አይደለም። በተለይ ቁርኣን አስቀሪዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ ተብታባ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲቀራ ወይም መንዙማ ሲያዜም ምላሱ ይፈታል፤ ብቻውን ሲጠየቅ ይያዛል። መምህሩም «ቅድም ትችል አልነበረምን?» ብሎ አርጩሜ ያነሣል። ልጁ አላታለለም፤ የመንተባተብ ጠባዩ እንዲህ ነው። ቁርኣንን እየተቸገረ የሚያነብ ሁለት ምንዳ እንዳለው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተላልፎ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሁለት ምንዳ የሚያገኝን ልጅ መምታት ምን ይባላል?

አሁን ንግግሬ ወደ አንተ ወደ ተብታባው ወንድሜ ነው። ከከባድ ቃል መሸሽ እንደሚያምርህ ይታወቃል። የበስራው ዋሲል ኢብን ዐጣእ (በ131 ዓመተ ሂጅራ የሞተው፤ በእምነት ነገር ብዙ ሊቃውንት ቢቃወሙትም) «ረ» የምትባለውን ፊደል ማውጣት ስላቃተው፣ በስብከቱ ሁሉ እርስዋን የሌለባቸውን ቃላት እየመረጠ ይናገር እንደ ነበረ አል-ጃሒዝ በአል-በያን ወት-ተብዪን ጽፎታል። ሰዎች ይህን ያደንቃሉ። እኔ ግን ያ ሰው በየቀኑ የከፈለውን ድካም አስባለሁ። ለስብከት ይህ ይቻል ይሆናል፤ ለንግድ ግን ወሰን አለው። ዕቃህን በፈለግኸው ዋጋ ብትጠራ መብትህ ነው። ነገር ግን በሙራበሓ ስትሸጥ፣ ማለት የገዛህበትን ተናግረህ ትርፍ ስትጨምር፣ ሰማንያ የገዛኸውን ቃሉ ስለ ከበደህ «ዘጠና» ብትል አማናን አጓደልህ። ቍጥሩን በጣትህ አሳይ፤ ወይም በወረቀት ጻፍ። የዲዳ የታወቀ ምልክት በሽያጭና በጋብቻ ተቀባይ ሲሆን፣ የአንተን ጣት የሚነቅፍ ማን ነው?

በኒካሕ ጉባኤ ሙሽራው «ተቀበልሁ» የሚለውን ቃል እየፈራ ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። ቢፈልግ ወኪል ሊያቆም ሸሪዓ ፈቅዶለታል። ራሱ ልናገር ካለ ግን ወሊዩም፣ ምስክሮቹም፣ በመጋረጃው ማዶ ያሉት ሴቶችም ዝም ብለው ይቆዩት፤ አንድ ሰው ከጎኑ «በል እንጂ» አይበለው፤ ቃሉ እስክትወጣ ቡናው ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ።