በደሀው ቤት ምን ቀረ?



ጌታችን በቤተ መቅደሱ የገንዘብ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ባለጠጎቹንና ድሀዋን መበለት በተመለከተ ጊዜ፣ ስጦታቸውን የመዘነው ከሰጡ በኋላ በእጃቸው በቀረው ነው (ማር. 12፡41-44)። እርሷ የሰጠችው መባ እንጂ ግብር አልነበረም፤ ሚዛኑ ግን ለግብርም ይሠራል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ነበር። የዳቦው ዋጋና የቤት ኪራዩ ሲንር ይህ ወሰን ለዘጠኝ ዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ። በወር 2,000 ብር የሚከፈለው ዘበኛ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር። አዲስ ቀንበር የጫነበት የለም፤ አሮጌው ግን በዝምታ ከበደ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወሰኑ ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኑሮ ዛሬም አልቆመምና ዳግመኛ እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

ነህምያ ሕዝቡ ለንጉሥ ግብር ሲል እርሻውን አስይዞ መጮኹን ሲሰማ «ሕግ ነው» ብሎ አላለፈም። አበዳሪዎቹን መኳንንት ገሠጸ፤ እርሱም የገዥነቱን ቀለብ 12 ዓመት ሳይወስድ ኖረ (ነህ. 5)።

እኛም ነገ ሒሳብ ሠራተኞች፣ ሕግ አርቃቂዎች፣ ነጋዴዎች እንሆናለን። በጀት በቀረበ ቁጥር «ስንት ተሰበሰበ?» ብቻ ሳይሆን «በደሀው ቤት ምን ቀረ?» እንበል። ስንነግድም ገቢያችንን አንሰውር፤ እኛ የሸሸነው ሸክም መሸሻ በሌለው ደመወዝተኛ ትከሻ ላይ ያርፋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።