ልጄ ምን አለች?

በአንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ስለ ክፍያ ጭማሪና ስለ ሰርቪስ ተነጋግረን ልንበተን ስንል አንድ አባት እጁን አወጣ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ አዲስ ወደተቀጠረችው የሥነ ልቦና አማካሪ ቢሮ መመላለስ ጀምራለች። አባትየው አማካሪዋ ዘንድ ሄዶ ልጁ ምን እንደምትላት ጠይቆ ነበር፤ አማካሪዋም "እሱን ከራሷ ቢሰሙት ይሻላል" ብላ መለሰችለት። አሁን በሁላችን ፊት ቆሞ፣ "ከፍዬ የማስተምራት፣ ስትታመም እንቅልፍ አጥቼ የማድር እኔ ነኝ። እኔ የማላውቀው የልጄ ጉዳይ የሚወራበት ክፍል በዚህ ግቢ ውስጥ ለምን ይኖራል?" አለ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። አንዲት እናት ተነስታ፣ "ታዲያ ልጆቻችን ለማን ይንገሩ? ለቲክቶክ?" ስትል ሌላው ግማሽ አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓት ሄዷል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

እኔ ከአማካሪዋ ወገን ነኝ። ሆኖም የአባትየው ጥያቄ ሰዓት ሄዷል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው፣ ስለዚያ ልጅ ሌላ ሰው የሚያውቀውን እንዳያውቅ በምን ሥልጣን ይከለከላል?

አፍላነት ከባድ ዕድሜ መሆኑ፣ የሥነ ልቦና ምክርም ሊያግዝ መቻሉ ብዙ አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። እኛ ዘንድ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚህ በር ለማለፍ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ለምን እንቅልፍ እንዳጣ ማስረዳት አያሻም።

ክርክሩ ያለው የአማካሪዋ ቢሮ በር ከተዘጋ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ይገባል እንበል። "እንዴት ነህ?" ሲባል "ደህና"፤ "እንቅልፍስ?" ሲባል ትከሻውን ይሰብቃል። ከተወሰኑ ቀጠሮዎች በኋላ አማካሪዋ ወረቀት ትሰጠውና ሌሊት የሚመላለስበትን ሐሳብ እንደመጣለት እንዲጽፍ ትጠይቀዋለች። "ፈተናውን ከወደቅኩ አባቴ በሰው ፊት ልጄ ነው አይልም" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ይህችን ዓረፍተ ነገር አብረው ይመረምሯታል። አባትህ እንዲህ ብሎ ያውቃል? ታላቅ እህትህ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ምን አላት? ከመቶ ስንት እጅ ታምንበታለህ? ልጁ መጀመሪያ ዘጠና ይላል፤ ከሳምንታት በኋላ ሃምሳ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዳበሩት ዘዴ በአጭሩ ይህን ይመስላል፤ ሰውየው ስለራሱ የሚያምነውን ነገር አውጥቶ በማስረጃ እንዲፈትነው ማገዝ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ወላጆች እንደሚፈሩት የተደበቀ ወንጀል የለም። ልጁ ያወጣው ስለ አባቱ ያለውን ግምት ነው። ይህን ግምት አባቱ በተቀመጠበት ሊናገረው አይችልም፤ ቢናገረው ወቀሳ ይሆናል፤ አባትየውም ይከፋል ወይም ይቆጣል፤ የሚመረመረው ነገር ሳይመረመር ጠብ ሆኖ ያርፋል። አማካሪዋ ማታ ደውላ "ልጅዎ እንዲህ ይልዎታል" ብትልም ያው ነው። ማክሰኞ ዕለት "እናቴን እጠላታለሁ" ያለች ልጅ ሐሙስ ዕለት ላትለው ትችላለች፤ እናቷ ጆሮ ከደረሰ ግን ሐሙስ የሚባል ቀን የለም። ንግግሩ ለዓመታት አብሯቸው ይኖራል።

ስለዚህ የምለየው ሁለት ነገር አለ። አንዱ ስለ ልጁ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚወስድ፣ ማን እንደሚጎዳው። ሌላው ልጁ ጮክ ብሎ ሲያስብ የሚወጣው፣ ገና ያልበሰለ ሐሳብ ነው። ወላጅ በመጀመሪያው ላይ ድርሻ አለው፤ በሁለተኛው ላይ ግን የለውም ባይ ነኝ። ማንም ሰው ሐሳቡን ሳይጨርስ ሊጠየቅበት አይገባም፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅም ሰው ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ አንድ የንስሐ አባት አባወራውንም፣ እማወራዋንም፣ ልጆቹንም ለየብቻ ይሰማሉ፤ የአንዱን ለሌላው አያወጡም። "አባ፣ ልጄ ምን አለችዎ?" ብላ የምትጠይቅ እናት ብትኖር ነውሩ የራሷ ነው። ልጅ ወላጁ የማይሰማውን ነገር ለታመነ ሰው ሊናገር እንደሚችል ቤታችን ድሮም ተቀብሎታል።

አባትየው ግን በዚህ ዝም የሚል አይመስለኝም። የንስሐ አባት ቤታችን ገብተው ጠበል ጸዲቅ የቀመሱ፣ ልጆቹን ሲወለዱ ጀምሮ የሚያውቁ፣ ነገ ለቅሶ ብንቀመጥ ቀድመው የሚደርሱ ናቸው፤ ይህች አማካሪ ማን ናት? ይለኛል። ልክ ነው፤ በደመወዝ የመጣች፣ የተሻለ ሥራ ስታገኝ የምትሄድ ባዳ ናት። ለዚህ መልስ አለኝ። ባዕድነቷ ራሱ አንዳንዱን ልጅ ያስተነፍሰዋል፤ በዓል ሲመጣ ሳሎን ውስጥ አትቀመጥም፤ ለአክስት አትነግርም። ሙያዋም ምስጢር ጠብቂ ብሎ ያስገድዳታል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። አማካሪዋ ብትሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ልጅቷ "መኖር ሰልችቶኛል" ብትልና አማካሪዋ የአፍላ ልጅ ንግግር ነው ብላ ብታልፈው፣ ድንኳን የሚተከለው በእናትየዋ ደጅ ነው። የስህተቱን ዋጋ የምትሸከመው እናት ከውሳኔው ውጭ መሆኗ ፍትሕ ነው ወይ?

በሙያው የተለመደው መልስ ይታወቃል፤ ራስን ወይም ሌላውን የመጉዳት ሥጋት ወይም በልጁ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ካለ ምስጢሩ ይነሳል። መልካም። ነገር ግን ይህ መልስ እኔ ከላይ የለየሁትን ነገር ይነካካል። "መኖር ሰልችቶኛል" ያልበሰለ ሐሳብ ነው ወይስ ስለ ልጅቷ ሊታወቅ የሚገባ ነገር? ሁለቱም ነው። የሰው ሕይወት በተንጠለጠለበት ስፍራ ልዩነቴ አጥርቶ አይለይልኝም፤ የሚለየው የአማካሪዋ ፍርድ ነው። የእናትየዋም ሥጋት ይኸው ፍርድ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ሙያው ራሱ ለዚህ አደጋ ያለው ዋነኛ መሣሪያ ያለ ቤተሰብ አይሠራም። አማካሪዎች ራሱን ሊጎዳ ከሚያስብ ልጅ ጋር የደኅንነት ዕቅድ ይጽፋሉ፤ ሐሳቡ ሲመጣ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ምን ያረጋጋኛል፣ በዚያች ሰዓት ለማን እደውላለሁ፣ ከቤት ውስጥ ምን ይራቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ወደ እናትየዋ ይወስዳል። መድኃኒቱን ቆልፋ ቁልፉን የምትይዘው፣ ሌሊት ከልጇ አጠገብ የምትተኛው እሷ ናት። ምንም የማታውቅ እናት ምንም ልትጠብቅ አትችልም።

ታዲያ ሁሉም ይነገር ማለት ነው? እዚህ ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት ያሳስበኛል። ሐኪሙ ምስጢር እንደሚጠብቅ የተነገራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ወሲብ፣ ስለ ዕፅና ስለ አእምሮ ጤናቸው ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑት 46.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ያልተነገራቸው 39 በመቶ ነበሩ። ለእኔ ወገን ማስረጃ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ብዙ ልጅ ይናገራል። ሆኖም ቃል ተገብቶላቸውም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልደፈሩም። የዝምታው ምክንያት የወላጅ ጆሮ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ በአንድ ድምፅ አልወሰኑም። በእንግሊዝ አገር ቪክቶሪያ ጊሊክ የተባሉ የብዙ ልጆች እናት፣ ሐኪሞች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጃገረዶች ያለ ወላጅ ፈቃድ የወሊድ መከላከያ እንዲሰጡ የሚፈቅደውን የመንግሥት መመሪያ ተቃውመው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1985 እ.ኤ.አ. 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ ተረቱ። የተወሰነው ነገር፣ ልጁ የሚመለከተውን ጉዳይ በሚገባ ሲረዳ የወላጅ ሥልጣን ለልጁ ግንዛቤ ቦታ ይለቃል የሚል ነበር። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 5 የወላጅን የመምራት ኃላፊነት አክብሮ፣ ምሪቱ ከልጁ እያደገ ከሚሄድ አቅም ጋር ይስማማ ይላል። የአሥር ዓመትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ይህን ሁሉ ሳስብ የምሟገትለት ነገር ከመነሻዬ ጠብቧል። የተዘጋው በር ለዘለዓለም የተዘጋ አይደለም። ልጁ መናገር የሚለማመድበት ጊዜ ነው፤ መቼና እንዴት ለቤቱ እንደሚናገር መጀመሪያ የሚወስነው እሱ ነው፤ አማካሪዋም ልጁን ከቤቱ ጋር ለማገናኘት መሥራት አለባት። ልጁን ለብቻው አድምጣ ለብቻው የምትተወው አማካሪ ሥራዋን ግማሽ አድርሳ አቁማለች።

አንድ ነገር ግን አልፈታሁም። ቤቱ ራሱ የሚጎዳው ልጅ አለ፤ አባቱ ወይም አጎቱ የሚያስፈራው ልጅ። ለእሱ "ወደ ቤትህ እንመለስ" የሚለው ሕግ አሳልፎ መስጠት ነው። ከውጭ ሲታይ ደግሞ ዝም ያለች የተቆጣች ልጅና ዝም ያለች የተጠቃች ልጅ አይለያዩም። ለዚህ ደንብ ማውጣት አልቻልኩም፤ ጊዜ የሚሰጣትና ችግሯን የሚረዳ ሰው ግን ያስፈልጋታል። አማካሪዋን ለአባትየው በየሳምንቱ ሪፖርት አቅርቢ ብንላት ይህችኛዋን ልጅ አስቀድመን አጥተናታል።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው ይህን ነው። ልጃችሁ ወደ ምክር ስትሄድ በመጀመሪያው ቀን ከልጅቷና ከአማካሪዋ ጋር አንድ ላይ ተቀመጡ። የትኛው ነገር ሳይውል ሳያድር እንደሚነገራችሁ፣ የትኛው የልጅቷ ሆኖ እንደሚቀር እሷ እየሰማች ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ከቀጠሮ ስትመለስ ምን እንዳለች አትጠይቋት። ምሳ በልታ እንደሆነ ጠይቋት፣ አብራችሁ ብሉ፤ ልትናገር የፈለገች ቀን እቤት ሁኑ።