የዳሩ ማሳ

ከወሎ ደጋ ወረድ ብሎ፣ አፈሩ ዋልካ በሆነበት አገር፣ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት እኩል ተካፈሉ። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ማሳ ደረሳቸው፤ አንዱ ከቤት ፊት ለፊት ያለ ለም፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ ያለ ደህና የሚባል፣ አንዱ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ያለ፣ በሬ ሲያዞሩበት ልብ የሚያስደነግጥ የዳር ማሳ። እናታቸው የሚኖሩት ከታናሹ ጋር ነበር።

በለሙ ማሳ ላይ አልተለያዩም። ሁለቱም ማኛ ጤፍ ዘሩበት። ማኛ ገበያ ሲወጣ ገዢው መዳፉ ላይ ዘርግፎ እያየ ዋጋ መከራከር የሚረሳበት ጤፍ ነው። መሬቱን ደጋግመው አረሱ፣ አለሰለሱ፤ ጤፍ አፈሩ ካልደቀቀለት አይወድም። ከወንዝ ማዶ ስንዴ አደረጉ። ልዩነቱ የመጣው የዳሩ ማሳ ላይ ነው።

ታላቁ ሰኔ ሲገባ የዳሩን ማሳ እንደ ለሙ አድርጎ አረሰና ቶሎ ደራሽ ገብስ ዘራበት። ከመዝራቱ በፊት ያደረገው ነገር ግን ለመንደሩ መሳቂያ ሆኖ ሰንብቷል። ከሦስት ዓይነት የገብስ ዘር ሚስቱን ቂጣ አስጋግሮ ለልጆቹ አቀረበላቸው። የመጀመሪያውን ጫፉን ነክሰው ተዉት። ሁለተኛውን ዝም ብለው በሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ትንሿ ልጅ የወንድሟን ቁራሽ ነጥቃ ሮጠች። የተዘራው እሱ ነው።

ታናሹ ይህን ሰምቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ ለዳር ማሳ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ጤፉ ከያዘ ገብስህን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

«ጤፉ ከያዘማ ማንም አያየውም» አለ ታላቁ። «እኔም የዘራሁት ካልያዘ ብዬ ነው።»

ታናሹ የዳሩን ማሳ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ዝም አለው። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ጥቂት ቁና ጓያ ይዞ መጣ፤ አንዴ ጫር ጫር ባደረገው መሬት ላይ በትኖት ወደ ቤቱ ገባ። እናቱ በር ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«የዳሩን ምን አደረግኸው?»

«ጓያ ነው እማዬ። ለክፉ ቀን።»

«አንተ ጓያ ትበላለህ እንዴ?»

«ኧረ እኔስ አልበላም! ለክፉ ቀን ነው አልኩሽ እኮ።»

«ክፉው ቀን የሚመጣው ለማን ነው ታዲያ?» አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴን ሳይጨርስ ቆመ። ጤፉ አበባ ላይ እያለ አፈሩ ተሰነጠቀ፤ የሁለቱም ማኛ ገለባ ብቻ ሆነ። ስንዴው ግማሹ ቀረ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ታናሹ ለጤፉ የደከመው ድካም ከወንድሙ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

የታላቁ ገብስ ግን ዝናቡ ሳይሄድ ደርሶ ነበር። ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎው ልጆቹ የሚያውቁት ነው፤ ቤቱ ውስጥ ክፉ ቀን መግባቱን ያወቀ ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። የታናሹ ጓያም አላሳፈረውም። ጓያ ዝናብ ቢቀር፣ ውሃ ቢተኛበት፣ አረም ቢውጠው ይበቅላል። ጎተራው ሞላ። እህል ነበረው፤ የሚበላ ግን አልነበረውም።

ጓያን አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ፣ በሽሮ መልክ፣ አልፎ አልፎ ቢበላ የሚጎዳው ሰው የለም። ችግሩ ቀለብ ሲሆን ነው። ወር ሁለት ወር እሱን ብቻ የበላ ሰው፣ በተለይ ጉልበተኛው ወጣት፣ እግሩ እየተገተረ ይሄድና በዱላ ተደግፎ የሚራመድ ይሆናል፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ አይለቀውም። አንዳንዱ የሚጎዳው የንፍሮው እንፋሎት ነው ይላል፣ ሌላው ማሳውን ማቋረጥ ነው ይላል። እንፋሎቱም ማሳውም አይደለም፤ ፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ነው።

ታናሹ ጓያውን እስከ ጥር በላው። አንድ ሌሊት ባቱን ጨምድዶ ይዞት ሲነሳ እናቱ አዩት፤ በማግስቱ ምጣዱን ደፉት። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጠና ገብስ ገዛ። የገዛው ከወንድሙ ነው፤ ወንድሙ በቅናሽ ቢሰጠውም በሬው ሄዷል። በተከታዩ ክረምት በቀረችው በሬ መቀናጆ ገብቶ ሲያርስ፣ ተራው እስኪደርሰው የጤፍ መዝሪያው ቀን አለፈው።

ይህን ምሳሌ ያስፈጠረኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ ቡና ላይ የቀረበልኝ ወረቀት ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምታመለክትባቸውን ኮሌጆች ጽፋለች። ዘጠኝ ናቸው። ስድስቱ ዓለም በስም የሚያውቃቸው፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ከታች። የታችኛው ስም ሲጻፍ አንድ ፊደል ጎድሎታል።

«ይሄኛውስ?» አልኳት።

«እሱ ሴፍቲ ነው፣ ጋሼ።»

«ሄደሽ አይተሽዋል?»

«ኧረ እዚያ አልሄድም!»

አሜሪካ ውስጥ ያለ የኮሌጅ አመልካች ዝርዝሩን በሦስት ይከፍላል፦ የሚመኘው፣ በውጤቱ የሚመጥነው፣ በእርግጠኝነት የሚቀበለው። የመጨረሻው ነው «ሴፍቲ» የሚባለው። ቤተሰብ ክርክሩንም እንቅልፉንም የሚጨርሰው የመጀመሪያው ላይ ነው። ሃርቫርድ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበልም፤ እንዲህ ያለ በር የማንም ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛም ቢሆን፣ መተማመኛ አይሆንም። ሜሪላንድ ያሉ ወላጆች «የራሳችን ስቴት ነው» ብለው ኮሌጅ ፓርክ ያለውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከታች ያስቀምጡታል፤ እሱ በቅርብ ዓመታት ከግማሽ የሚበልጡ አመልካቾቹን መልሷል። በተቃራኒው ቨርጂኒያ ውስጥ ጆርጅ ሜሰን ከአሥር አመልካች ዘጠኝ ያህሉን ስለሚቀበል ይናቃል፤ «ማንም ይገባበታል» ይባላል። ለሴፍቲ ግን ማንም መግባቱ ነውሩ አይደለም፣ ሙያው ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚፈለግበትም ይኸው ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እግር አይሰብርም፤ ምሳሌውን እስከዚያ አልጎትተውም። በሬ ግን ያሸጣል። የመቀበያ ደብዳቤ መጥቶ ክፍያው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ከሆነ፣ ያ ትምህርት ቤት ሴፍቲ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ከ2011 ጀምሮ የዋጋ ማስያ ድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ሕግ ያስገድደዋል፤ የቤተሰቡን ገቢ ሲያስገቡበት በግምት ስንት እንደሚከፍሉ ይነግራል። ታክሲ እየነዳ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተራ እየሠራ ልጅ ለሚያስተምር ሰው ይህ ከማንኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ ይበልጣል። ሌላው እኛ ቤት የሚረሳው የትምህርት ክፍሉ በር ነው። ዩኒቨርሲቲው ቢቀበልም ነርሲንጉ ወይም ኮምፒውተር ሳይንሱ የራሱ ጠባብ በር ሊኖረው ይችላል። ልጅቷ ነርስ ልትሆን ከሆነ የሚታየው ያ ጠባቡ ነው።

እውነተኛ ሴፍቲ አለ፣ ጠፍቶ አይደለም። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ውል አላቸው፤ የተወሰነውን ነጥብ ይዞ የጨረሰ ተማሪ መግባቱ የተረጋገጠ ነው። በቴክሳስ ደግሞ በ1997 የወጣው ሕግ ከትምህርት ቤታቸው ከላይኛው አሥር በመቶ ውስጥ ለሚገኙ ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በር ይከፍታል፤ ኦስቲን ብቻ ገደቡን ከዚያ ያጠብባል።

መልሱ በአብዛኛው እስከ መጋቢት መጨረሻ ይመጣል፤ የመወሰኛው ቀን ብዙ ቦታ ሜይ 1 ነው። ያን ጊዜ ግቢ መጎብኘት ምጣድ ከተደፋ በኋላ እህል እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ሳይላክ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንዷን ቅዳሜ ለዝርዝሩ የመጨረሻ ስም ስጧት። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀመጡ፣ ምሳችሁን እዚያው ካፍቴሪያ ብሉ። ስትመለሱ መኪና ውስጥ «እዚህ አራት ዓመት ብትቆዪስ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ኧረ» ካለች፣ ያን ስም ሰርዙትና ሌላ ፈልጉ።