በቁማር ቤት ማዕድ ስለሚለበስ ልብስ

አንባቢ ሆይ፤ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 በተከፈተው በቤላጂዮ ወይም እርሱን በመሰለ ቁማር ቤት ለእራት ብትጠራ፣ «ምን ልልበስ?» ማለትህ ከንቱ ጥያቄ አይደለም። ቁምጣ ለብሶ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ የመጣውን ሰው የቁማሩ አዳራሽ በደስታ ይቀበለዋል፤ የሚሻው ገንዘቡን ነውና። እዚያው ጣራ ሥር ያለው የከበረ ምግብ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ከደጅ ይመልሰዋል። ረጅም ሱሪ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ሽፍን ጫማ ይበቃሃል፤ ኮት ብትደርብበትም አይከፋም። ባለጠጋ ለመምሰል ተበድረህ ልብስ ብትገዛ ግን፣ ካርታ ሳትነካ ቁማር ጀመርህ። ንጹሕ ሆነህ መቅረብህ ማዕዱን ለሚያቀርብልህ ሰው አክብሮት ነው፤ እርሱም ልብሱን አጥቦ ተኩሶ በፊትህ ቆሟልና። በዚያች ከተማ በቁማር ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው፤ ምናልባት የአገርህ ልጅ ነው።